አባቴ ኮቱን የለካበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ወጣት አዲስ የሰልባጅ ልብስ ቦንዳ ሲፈታ ደረስኩ። ያ የታፈነ ሽታ፣ ግማሹ ሳሙና ግማሹ ሻጋታ፣ ከጥቅሉ ወጥቶ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ እግሬ ቆመ፤ ክልላችን ገና «ደቡብ» በሚባልበት ዘመን ወደነበረው የቅዳሜ ሰልባጅ ተራ ይዞኝ ሄደ።

እዚያ ልብስ ተሰቅሎ አይሸጥም ነበር። መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ይቆለላል፤ ሻጩም ሣጥን ላይ ቆሞ እየጮኸ ከሰው መሀል አንዱን ይጎትትና ያለብሰዋል። የተጎተተው ሰው ይስቃል፣ ዞር ዞር ይላል፣ የሴት ካፖርት ቢደርሰው እንኳ አይቆጣም፤ ከጥሬ ሥጋ ቤት ቀጥሎ የከተማችን ትልቁ መዝናኛ ይኸው ነበር።

አባቴ ለወራት ሆስፒታል ተኝቶ ሐኪሙም ዘመዱም ተስፋ ሲቆርጥበት፣ እናቴ የምንበላው አጥሯት ቡናማ ኮቱን ለሰልባጅ ነጋዴ ሸጠችው። እሱ ግን ተረፈ። ኮቱን ሲጠይቃት «ገሱባ ያለችው እህትህ ጋ ነው» አለችው።

ድኖ መጀመሪያ ገበያ በወጣበት ቅዳሜ፣ ሻጩ ክሳቱ ሰው ያስቅልኛል ብሎ ነው መሰል፣ የጎተተው እሱን ነበር፤ ያለበሰውም ያንኑ ኮት። አባቴ እጁን ወደ ውስጠኛው ኪስ ሰዶ፣ ራሱ በወፍራም ክር የሰፋውን ቀዳዳ በጣቱ አገኘና ፊቱ በራ።

«የኔ ነው!» አለ።

ሻጩ የኮቱን ትርፍ ከጀርባው ሰብስቦ ለሕዝቡ አሳየ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ከሆነ ሌላው ሰውዬ የታለ? እዚህ ውስጥ እኮ ሁለት ሰው ይገባል!»

«ሚስቱን ጨምርበት!» አለ አንዱ፤ ሕዝቡ አውካካ።

አባቴ እናቴንና እኔን በሰው መሀል ፈልጎ አገኘንና እንደ ልማዱ በእኔ ስም ጠራት። «የታሪኩ እናት፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

እናቴ የእጄን አንጓ ጨብጣ ነበር፤ ጥፍሯ ገባ። እውነቱን ብትናገር ባሏን በቁሙ ቀብራው እንደነበር ገበያው ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ እሱ ሊያውቅ ነው።

«ይመስላል እንጂ ያንተስ አይደለም» አለች።

አባቴ ኮቱን አወለቀ፣ አቧራውን አራገፈ፣ አጣጥፎ ለሻጩ ሰጠው። «ይቅርታ ልጄ፣ በሽታው ነው።» ኮቱ ወዲያው ከቦምቤ ለመጣ አንድ ወፍራም ነጋዴ ተለካ፤ ልክ ሆነ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ዛሬ ተራው ፈርሶ የመስታወት በር ያላቸው ሱቆች ቆመውበታል፤ ማንም ማንንም አያለብስም። አባቴም የለም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወንበሩን ሲስብ፣ ከዘራውን ሲያነሳ፣ ቀስ ብሎ «ይሄ የኔ ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። እናቴ ሁልጊዜ «ያንተ ነው» ትለዋለች፤ የኮቱን ነገር ግን እስኪሞት ድረስ አላነሳችለትም።