ከውጭ የሚቀረቀር በር

ሙሉውን የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቴ ከድጃ ግማሹን ታውቃለች። ልጄ ሂክማ ትንሽ ታውቅ ነበር፤ እሱንም እኔው አስረሳኋት። አንተን ግን አላውቅህም፣ አንተም አታውቀኝም። ነገ መንገድ ላይ ብንተላለፍ ፊትህን አይቼ አልሸማቀቅም። ለዚህ ነው ለአንተ የምጽፈው። ድፍረት አግኝቼ አይደለም።

ስሜ ሰይድ ነው። ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ የቤት ፕላን እስላለሁ። የምኖረው ቂርቆስ ነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተጣበቁት አሮጌ ቤቶች በአንዱ። ቤቱ የእትዬ ዘይነብ ነበር። እትዬ ዘይነብ የእናቴ ታላቅ እህት ነች። እናቴ ስትሞትብኝ ከወሎ ድረስ መጥታ የወሰደችኝ፣ ቅመም እየቸረቸረች ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ እሷ ነች። ያደረግሁትን በማን ላይ እንዳደረግሁት ከመጀመሪያው እወቀው።

የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ሂክማ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ቤተሰቦች ከአገር ሲወጡ ሁለት ጊኒ ፒጎች ሰጧት። ከአይጥ ተለቅ፣ ከጥንቸል አነስ ያሉ፣ ጅራት የሌላቸው ገር እንስሳት ናቸው። የፌስታል ኮሽታ ሲሰሙ ምግብ መጣ ብለው ያፏጫሉ። ቀጭን፣ ወደ ላይ የሚወጣ ፉጨት ነው።

ቤት ልሥራላቸው አልኩ። እንደ ቢሮ ሥራዬ ቁጭ ብዬ፣ ልኩን ጠብቄ ፕላን አነሳሁ። ከአሮጌ ቁም ሣጥን ጣውላ ነቀልኩ፣ የዶሮ ሽቦ ገዛሁ። ፊት ለፊቱ ሽቦ፣ አየርና ብርሃን እንዲገባ። ከታች ምግብ ማስገቢያ ትንሽ መስኮት፣ በሩን መክፈት እንዳያስፈልግ። መቀርቀሪያው ከውጭ። ጥግ ላይ የሚደበቁበት ጨለማ ክፍል። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከእትዬ ክፍል አጠገብ አስቀመጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም።

እትዬ ስሠራ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ያኔ መርሳት ጀምራለች። ስጨርስ ጠጋ ብላ በጣቷ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገችው።

«ከውስጥ አይከፈትም እንዴ?» አለችኝ።

«እንስሳ ናቸው እኮ እትዬ። ምን ይከፍቱታል?»

«እሱስ ነው» አለችና ገባች።

ከሁለት ወር በኋላ ባሰባት። አንድ ቀን እኛ ሥራ እያለን ወጥታ ጠፋች። ስታዲየም አካባቢ ካልሲ የምትሸጥ ሴት በባዶ እግሯ አግኝታ፣ እጇን ይዛ አቆየችልን። በሌላ ቀን ምድጃ ለኩሳ ረሳችው። ከድጃ ደምበል ልብስ መደብር ነው የምትሠራው፣ እስከ ማታ አትመጣም። ሂክማ ትምህርት ቤት ነች። ምን ላድርግ? ይህን «ምን ላድርግ» ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አትጠይቀኝ። ብዙ ነገር ማድረግ ይቻል ነበር። ሰው መፈለግ ይቻል ነበር። ጎረቤት መለመን ይቻል ነበር። እኔ ግን ያንን ወረቀት አወጣሁ። የጊኒ ፒጎቹን ፕላን። ገልብጬ በጀርባው ላይ የእትዬን በር ሳልኩ።

ከወገብ በላይ ሽቦ፣ አየርና ብርሃን እንዲገባ። ከታች ምግብ ማስገቢያ። መቀርቀሪያው ከውጭ። ልኩን ብቻ ነው የቀየርኩት።

«ለአንድ ሳምንት ነው፣ ሰው እስክናገኝ» አልኳት ከድጃን። አለቀሰች፣ ግን አልከለከለችኝም። ለጎረቤት እትዬ ደክማለች፣ እንግዳ ሲያያት ትረበሻለች አልን። ሳምንቱ ሰባት ወር ሆነ። ሰው አልፈለግንም። እውነቱን ልንገርህ፣ ተመችቶን ነበር።

በምሳ ሰዓት ከካዛንቺስ መጥቼ ምግቧን በመስኮቷ አስገባላት ነበር። መጀመሪያ ላይ እጄን ትይዘኝ ነበር። ቆይታ መያዙን ተወች፤ ሳህኑን አስገብቼ እጄን እስካወጣ ጥግ ላይ ሆና ትጠብቃለች። ከዚያ መናገሩንም ተወች። አንድ ቀን ሂክማ መጥታ በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ እትዬም ታፏጫለች» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት። «እንስሶቹ ናቸው።»

ግን እኔም ሰምቼ ነበር። አንድ ቀን ቆስጣ በፌስታል ይዤ ገባሁ። ፌስታሉ ኮሽ ሲል ፉጨቱ ተነሳ። ሁለት እንስሳ ነው ያለን። የሰማሁት ሦስት ፉጨት ነው። ሦስተኛው ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ልክ እንደነሱ ወደ ላይ ይወጣል። ጠጋ ብዬ በሽቦው አየሁ። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። ምግቡን አስገብቼ ወደ ቢሮ ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ ፌስታሉን ጨብጬ ይዤው ነበር፣ እንዳይንኮሻኮሽ።

እሳቱ የተነሳው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አራት ሰዓት ገደማ ጋሽ ወርቁ ደወለ። ግድግዳ የሚጋራን ጡረተኛ ጎረቤታችን ነው።

«ሰይድ፣ ከኋላችን ያለው ቤት እየነደደ ነው። ጭሱ ወደ እናንተ ገብቷል። እትዬ ዘይነብ ውስጥ ነች? በሩን እንስበረው?»

እስቲ አስበው። አንድ ቃል ነው የሚፈልገው። «አዎ» ብል በአንድ ደቂቃ ይገነጥሉት ነበር። እኔ ግን የታየኝ የሰፈሩ ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያንን በር ሲያየው ነው።

«የለችም ጋሼ» አልኩ። «ከድጃ ሐኪም ቤት ወስዳታለች። አትስበሩት፣ እየመጣሁ ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ታክሲ ይዤ፣ መንገዱ ሲዘጋ ወርጄ ሮጥኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ስደርስ ሰው ሁሉ እሳቱ ጋ ውሃ እያቀበለ ነው፣ የእኛ በር እንደተቆለፈ ነው። ከፍቼ ገባሁና ከውስጥ ቆለፍኩት።

ቤቱ በነጭ ጭስ ተሞልቷል። የውጪው ጫጫታ ከሩቅ እንደሚሰማ ሆነብኝ። ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን ነው፣ ደከም ያለ። እንስሶቹ አሉ ማለት ነው ብዬ፣ አትፍረድብኝ አልልህም፣ ፍረድብኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት እነሱን ነው። በደረቴ ተስቤ ሽቦውን በእጄ ዳበስኩ። ሁለቱም ጥጋቸው ውስጥ ተቃቅፈው ሞተዋል። ፉጨቱ ግን አልቆመም። ከበሩ ኋላ ነው የሚመጣው።

መቀርቀሪያውን ሳብኩ። በሩን ከፈትኩ። እትዬ ከአልጋው ሥር ገብታ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታየኛለች። አልወጣችም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እሷ ግን እጄን እስካወጣ የምትጠብቅ ይመስል አልተነቃነቀችም።

ያኔ ላወጣት ይገባ ነበር።

እኔ ዞሬ ካቻቢቴ ፈለግሁ። የበሩን ብሎኖች ልፈታ። ስድስት ነበሩ። እሷን ተሸክሜ ስወጣ ሰው ይገባል፣ ሰው ሲገባ በሩን ያያል። ይህን ነው ያሰብኩት፣ በጠራ አእምሮ ነው ያሰብኩት። እያሳልኩ፣ ዓይኔ እያነባ፣ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። አራተኛው ዝጎ አስቸገረኝ። እሷ ከአልጋው ሥር ታየኝ ነበር። በየመሃሉ ታፏጫለች። በሩን ነቅዬ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ከደበቅሁት በኋላ ነው እትዬን ያነሳኋት። እንደ ልጅ ቀላል ነበረች።

ስወጣ ሰው ተቀበለኝ። እሳቱ እኛ ጋ ሳይደርስ ጠፍቶ ነበር። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። አንዲት ሴት እጄን ሳመችው። ጋሽ ወርቁ ብቻ ቆም ብሎ አየኝ።

«ሐኪም ቤት ነች ብለኸኝ አልነበረም?»

«ተመልሳ ኖሯል ጋሼ። አላወቅሁም።»

በሽቦ የተቧጨረውን የእትዬን እጅ አየ፣ እኔን አየ። ሌላ አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታውን አላቋረጠም፣ ቤታችን ግን ገብቶ አያውቅም።

እትዬ ሦስት ሳምንት ተኛች። ሳንባዋ ነው አሉን። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለታችን ብቻችንን ሆነን አልጋዋ ሥር ተንበረከክሁ። «እትዬ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። በሟቹ ወንድሟ ስም ጠራችኝና ራሴን ዳበሰችኝ።

«አይዞህ፣ አንተ አታልቅስ» አለችኝ። «ሰይድ ይመጣል። እሱ ትቶኝ አይቀርም።»

በነጋታው አረፈች። ለቅሶ ላይ እኔ እንዴት ከእሳት እንዳወጣኋት ሲወራ ዋለ። ራሴን አቀርቅሬ ሰማሁ። ትሑት ነው አሉኝ።

ለቅሶው ሲያልቅ ሂክማ የእትዬ በር የት እንደሄደ ጠየቀችኝ። «የምን በር?» አልኳት። «የሽቦው» አለች። «የሽቦው የእንስሶቹ ነው። እትዬ በር አልነበራትም። ስለደነገጥሽ ነው» አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ ካድሁ። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችም።

አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ባለፈው እሑድ ለጓደኞቿ የእሳቱን ታሪክ ስትነግራቸው ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት። አባቷ በጭስ ውስጥ ገብቶ አክስቱን ተሸክሞ ሲወጣ። ጥሩ አድርጋ ነው የምትተርከው። አንዷ፣ «እሷ ራሷ ለምን አልወጣችም?» አለቻት። «እንጃ» አለች ሂክማ፣ «እኔም አይገባኝም።»

ወጥቼ መናገር እችል ነበር። አምስት እርምጃ ነው። አልወጣሁም።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የምትችለው ሴት ማን እንደለመናት ሳታውቅ ሄዳለች። የቀረችው ሂክማ ነች፣ ለእሷም ከመናገር ይልቅ ላንተ መጻፉ ቀለለኝ። ይህም ያው መደበቅ ነው።