የተራራው ሐሜት

ልጅ ሳለሁ ተራራ የሚወድ ሰው አላውቅም ነበር። ተራራን ማድነቅ የሚባል ሥራ መኖሩን፣ ለዚህም ተብሎ ኮፍያ እንደሚደፋና ጸጉር እንደሚጎፈር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እኔ ባደግሁበት ግቢ ተራራ የሚታማ ነገር ነበር። ሐሜተኛውም የቤታችን አከራይ፣ ኣቦይ ሓጎስ ነበሩ።

ወላጆቼ ከወሎ መጥተው መቐለ የሰፈሩ ነጋዴዎች ናቸው። አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ስንወጣ ትግርኛ እየተናገርን አደግን። ኣቦይ ሓጎስ ደግሞ በገርዓልታ በኩል ካለ አንድ ቀይ ተራራ ላይ ተወልደው፣ በጎልማሳነታቸው ወርደው ከተማ የገቡና ተመልሰው ያልሄዱ ሽማግሌ ናቸው። መቐለ ውስጥ የድንጋይ ግቢ ሠርተው ክፍሎቹን እያከራዩ ይኖሩ ነበር። አማርኛቸው ግማሹ ከገበያ፣ ግማሹ ከእኛ ቤት የተለቀመ ስለሆነ፣ ተረት ሲነግሩን የጎደላቸውን በትግርኛ ይሞሉታል።

ያኔ መብራት መጥፋት ያበዛ ነበር። ሲመሽና ሲጠፋ እናቴ ፋኖሱን ለኩሳ በረንዳው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እሳቸው ፈርኔሏቸውን፣ የከሰል ምድጃቸውን፣ ይዘው ይወጣሉ፣ ከሰሉ እስኪያያዝ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን ሽምብራው እስኪቆላ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ፍሙ ቀልቶ የጉንጫቸው አጥንት ከጨለማው ብቅ ሲል ማማት ይጀምራሉ። ተራራውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «እቲ ሰብኣይ» ነበር የሚሉት፤ ያ ሰውዬ ማለት ነው።

ያ ሰውዬ፣ ፈጣሪ ለተራሮች ሁሉ ምንጭ ሲያድል ተኝቶ አርፍዶ ነው የደረሰው። ምንጭ አልቋል ሲባል ጥላ ለመነ፤ ተሰጠው፤ ጥላውንም ሰው ፀሐይ በሚናፍቅበት ሰዓት ብቻ ይጥለዋል። ደመናዎችን እራት ጋብዞ አንድ በአንድ በልቷቸው፣ ለታች አገር ገበሬ ግሣቱን ብቻ ላከለት፤ ነጎድጓድ የሚባለው እሱ ነው። የጎረቤት ኮረብታ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ አባትዋ ወርደህ ውሰዳት ቢለው መውረዱን ታክቶት ወንደላጤ ሆኖ ቀረ። ራሱ ጠፍጣፋ የሆነውም የእናቶች እርግማን ተቀምጦበት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገሩ ግን አይስቁም ነበር፤ እኛም ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ሽምብራችንን ዝም ብለን እንበላለን።

እኔ እነዚህን ተረቶች እንደ ሃይማኖት ነበር የያዝኳቸው። ትምህርት ቤት የተራራን ጥቅም ዘርዝሪ ተብዬ የለውም ብዬ ጽፌ ዜሮ አግኝቻለሁ። ዛሬም ያ ጥያቄ ቢመጣ የምጽፈውን እንጃ።

ታዲያ በዚህ ግቢ ላይ ነው ሰዓሊው የመጣብን። ኪሮስ ይባላል። ጥግ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሸራና ቀለሙን ሲያስገባ፣ ሐምሌን በሸሚዝ የሚያሳልፍ፣ ሚያዝያ ላይ ግን አንገቱን በሻርፕ የሚጠቀልል ሰው መሆኑን ወዲያው አየን። ሥራው ገርዓልታን መሳል ነበር። ሁልጊዜ ያንኑ ቀይ ገደል፣ ሁልጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሁልጊዜ ከታች አንድ ግመል። ግመሉ እዚያ ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ሰው የለም። የከተማው ሆቴሎች እየተሻሙ ይገዙታል፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ይሰቅሉታል፣ ከሥሩ ሶፋ ያስቀምጣሉ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ኪሮስ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ካለችው ከውቅሮ አልፎ ሳያውቅ በሊትር የሚለካ ናፍቆት ነበረው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የድሮ ካሌንደር አለ፤ ገርዓልታ ማለት ለእሱ የመጋቢት ወር ገጽ ነው።

ማታ ማታ እሱም በርጩማውን ይዞ ወደ ፈርኔሎው መጠጋት ጀመረ። መንፈስ ለማግኘት ነው አለን። ኣቦይ ሓጎስ መንፈስ የሚሉትን ነገር ከአረቄ ጋር ብቻ ስለሚያያይዙት ለጊዜው ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አደረጉት። ተረቱ ሲነገር እኛ በምንስቅበት ቦታ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ደመና በላ ሲባል እንኳ ይነቀንቃል። ያኔ ገና ልጅ ብሆንም፣ ሲያሾፉለት የሚመሰጥ ሰው ምን እንደሚባል አውቅ ነበር።

አንድ ምሽት ኪሮስ ዜና ይዞ መጣ። በከተማው አዳራሽ ትልቅ የስዕል ትርኢት ይዘጋጃል፣ ከአዲስ አበባም እንግዳ ይመጣል፤ እሱም የኣቦይ ሓጎስን ተራራ ሊስልበት አስቧል። ስለዚህ የተረቱን ሳይሆን የእውነቱን ይንገሩኝ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ፍሙን በጣታቸው ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩ። እናቴ ወደ ቤት ልታስገባን ብድግ ስትል ይቀመጡ አሉና ነገሩት።

ቤታቸው ተራራው ወገብ ላይ ነበር። ወደ ታች የሚወስደው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ ቦታ ላይ ዓለቱ ተሰንጥቆ፣ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚሾልክበት ጠባብ በር አለው። የመጀመሪያ ሚስታቸው ምጥ ጠናባት። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ሊያወርዷት ተነሡ። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ቃሬዛው አላልፍ አለ። ቢያጋድሉት ትወድቃለች፤ እንዳትራመድ አቅም የላትም፤ እሳቸው ከስንጥቁ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ፣ እጇን ይዘው ቀሩ። እዚያው ነው ያረፈችው። ኣቦይ ሓጎስ ይህን ሁሉ ያወሩት ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ነበር፤ አንዲት ነገር ብቻ ለመኑ።

«ገደሉን እንደ ፈለግህ አድርገው፤ ለእኔ መንገዱን ሳልልኝ። የቀረችበትን። ሰው ይየው።»

ኪሮስ አለቀሰ። ጉልበታቸውን ስሞ፣ መንገዱን እስላለሁ ብሎ ማለ። አባቴ እንኳ፣ ሰውን ለማመን የማይቸኩለው አባቴ፣ ልጁ ለካ ልብ አለው አለ። በማግስቱ ኣቦይ ሓጎስ ከተራራው ሥር የእኅታቸው ልጅ እንዳለ፣ የጠዋቱን አውቶቡስ ቢይዝ እሱ ስንጥቁ ድረስ እንደሚወስደው ነገሩት። ኪሮስ በዚህ ወር ብርሃኑ ጥሩ አይደለም አለ። በሌላ ቀን ሆዴን አመመኝ አለ። ከዚያ በሩን ዘግቶ መሳል ጀመረ፤ ልብስ አጥባለሁ ብዬ በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ቀና ብሎ የሚያየው የመጋቢትን ገጽ ነበር።

የትርኢቱ ቀን ኣቦይ ሓጎስ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው እኔን አስከትለው ሄዱ። የአዲስ አበባ ሰዎች አማርኛ ከባድ ነው፣ ታስተረጉሚልኛለሽ አሉኝ። አዳራሹ ሞልቷል። በየግድግዳው የየሰዓሊው ገርዓልታ ተሰቅሏል፤ ግመሉ ብቻ እያንዳንዳቸው ላይ ቦታ ይቀያይራል። የእኛ ኪሮስ ሸራ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቀዩ ገደል በወርቅማ ብርሃን ተለቅልቆ፣ ግመሉ ከታች ቆሞ። ኣቦይ ሓጎስ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አፍንጫቸው ቀለሙን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለጉ። ከዚያ ወደ ኪሮስ ዞረው መንገዱስ አሉት።

«ኣቦይ፣ ውበቱን ሲሰብረው ጊዜ ተውኩት» አላቸው።

እሳቸው ወደ ሸራው ዞረው እንደገና ፈለጉ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ያደረብኝን ንቀት እስከ ዛሬ በሌላ ሰው ላይ አላወጣሁትም። ዓለት ለሁለት ተሰንጥቆ የሰው ሚስት ሲያስቀር የተሰበረውን ነገር ሰምቶ፣ የሸራው ውበት እንዳይሰበር የሚጨነቅ ሰዓሊ ምን ይባላል? አማርኛውም ትግርኛውም አልበቃኝም።

ስዕሉ ከሥሩ በወረቀት ርዕስ ተለጥፎለታል። «እምባ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። በትግርኛ እምባ ማለት ተራራ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ይህን የማያውቅ አልነበረም፣ ከአንዱ በስተቀር። ያ አንዱ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ነው። መነጽሩን አውልቆ አነበበ፤ አማርኛ ተናጋሪ ነውና በዓይን የሚወርደውን እንባ አነበበ። ወዲያው ድምጽ ማጉያ አስመጣ። እዚህ ተራራ ላይ ብርሃን መስሎ የሚፈሰው የሰው እንባ ነው፤ ሰዓሊው ድንጋይን አስለቅሷል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ እያለ ቀጠለ። ግመሉን ሳይቀር ተስፋ ያጣ መንገደኛ ነው ብሎ ተረጎመው።

አጠገቤ የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንድ የቃላሚኖ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳቁን በደብተሩ ሸፈነ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ተራራ ተራራ መሆኑን እያወቀ፣ ትልቅ ሰው እንዳያፍር ብሎ አጨበጨበ። ኪሮስ በመጀመሪያ አፉ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር፤ ጭብጨባው ሲበረታ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደ፣ የስዕሉ ትርጉም ስለተገኘለት አመሰገነ። ተራራው በአንድ ደቂቃ እንባ ሆነ።

ኣቦይ ሓጎስ ሰውየው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ሳቄን ውጬ በትግርኛ ነገርኳቸው፤ እንባን ትግርኛ ንብዓት ይለዋል፤ በአማርኛ እምባ ንብዓት ማለት ስለሆነ፣ ተራራውን ንብዓት ነው እያለ ነው አልኳቸው። አብረን እንስቃለን ብዬ ነበር። አልሳቁም። ወረቀቱን አዩት፣ እንግዳውን አዩት።

«ልክዕ እዩ፤ ልክ ነው» አሉኝ። «የሳለው ያላየውን አነበበው።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሰው እየገፉ ወደ እንግዳው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ፊቱን ትክ ብለው እያዩ «ስማ ለተብርሃን እዩ» አሉት። ስሟ ለተብርሃን ነው ማለታቸው ነው። በዚያ ግቢ ስንኖር የሚስታቸውን ስም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እንግዳው ፈገግ ብሎ አጎንብሶ፣ እኚህ አባት ምን እያሉኝ ነው ብሎ ዙሪያውን ጠየቀ። ኪሮስ ፈጠን አለ።

«ስዕሉ አኮራኝ እያሉዎት ነው» አለ።

«ውሸት ነው» አልኩ፤ «የሞተችበትን የሚስቱን ስም ነው የነገረህ።» በድንጋጤ ሁለቱንም አንተ ብያቸው ነበር። እንግዳው ራሴን ዳበሰኝ፣ አማርኛ ጎበዝ ነሽ አለኝ፣ ፎቶ አንሺውንም ጠራ። በፎቶው ላይ ኣቦይ ሓጎስ መሐል ናቸው፤ እጁን እንደያዙ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ኪሮስ ከዚያ ወዲያ የእንባ ሰዓሊ ተባለ። ሌላ እንባ ሣለ፣ ሌላም። ፊደሉን ሳይቀር አስተካክሎ በ«ን» መጻፍ ጀመረ፤ ክፍሉንም ለቆ ሰፋ ወዳለ ቤት ሄደ። መሄዱ አልከፋኝም። የከፋኝ ይዞብን የሄደው ነው። ኣቦይ ሓጎስ ፈርኔሏቸውን ይዘው መውጣቱን አልተዉም፣ ያ ሰውዬን ግን ዳግመኛ አላሙትም። ስንነዘንዛቸው ማንም የሚያውቀውን የጅብና የአህያ ተረት ይነግሩናል። ፍሙ ይቀላል፣ ሽምብራው ይቆላል፣ እኛም ለይስሙላ እንስቃለን። እሳቸው ያረፉት እኔ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ነው።

አሁን የዩኒቨርሲቲው ሰፈር በሆነው ዓዲ ሓቂ ካሉት ካፌዎች ግድግዳው ላይ ገርዓልታን ያላሳለ የለም፤ ተማሪዎቹ ከፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ፣ እዚያ የሄደ ግን ጥቂት ነው። እኔም ስንቃቸው ኖሬ እዚያ የሄድኩት ባለፈው ዓመት ነው። መንገድ የሚያሳየኝ የአካባቢው ወጣት ከአስፋልቱ ዳር አቁሞኝ፣ ሰዓሊዎቹ ከዚህ ሆነው ነው የሚስሉት፣ መኪናቸውን ሳያጠፉ አለኝ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ገደሉ ወርቅ ለብሷል። በንዴት እናገረዋለሁ፤ ልክ እንደ ካሌንደሩ ነው፣ ልክ እንደ ኪሮስ ሸራ፣ እጅግ ያምራል። መንገዱ የት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ከታች አይታይም አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። ስንጥቁ ጋ ስንደርስ ወጣቱ ቀድሞ ጎኑን አዙሮ ገባ፤ ዓለቱ ወዲህም ወዲያም በሰው ጀርባ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ከላይ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ነበሩና ሸክማቸውን አውርደው እስክናልፍ ጠበቁን። አንዷ ወደ ኋላ ለቀረችው ጓደኛዋ ጮክ ብላ የት እንዳሉ ነገረቻት። ለተብርሃን ደርሰናል ነው ያለችው። ወጣቱን ለተብርሃን ማን ናት አልኩት። ሰው አይደለችም፣ የቦታው ስም ነው አለኝ፤ ከድሮ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚባለው።

እዚያው ዓለቱን ተደግፌ ቆምኩ። ኣቦይ ሓጎስ ስሟን ለማያውቀው ሰው ሊሰጡ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሲገፉ፣ እዚህ ማገዶ የሚሸከም ሁሉ በየቀኑ ይጠራት ነበር፤ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ተመልሰው ስላልወጡ አልሰሙም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያሙት ያ ሰውዬ ስሟን አልጣለባቸውም። ይህን ብነግራቸው ያምኑኝ ነበር ወይ እያልኩ፣ ለወጣቱ ማን እንደነበረች ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።