አማቼን አጋድሜ የለካሁት ጊዜ

እጄ እንቢ ያለው ሥራ የለም። ማንም ሳያስተምረኝ በር ገጥሜአለሁ፣ አልጋ ሠርቻለሁ፤ አዲስ አበባ ሳለሁ በሬሳ ሣጥኖቼ የሰፈሩን ሰው በክብር ሸኝቻለሁ። ስለዚህ ስዊድናዊው የልጄ ባል እራት ላይ ሰርፍቦርዱ እንደተሰበረ ሲያወራ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሰርፍቦርድ ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ረጅም ሰሌዳ ነው። አማቼና ጓደኞቹ ቅጠል ረግፎ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት፣ እነሱ ወፍራም የላስቲክ ልብስ ለብሰው ባሕር ይገባሉ።

“በልክህ የምሠራልህ እኔ ነኝ” አልኩት።

ልጄ ሳቀች። “አባዬ፣ ለመሆኑ ባሕር ገብተው ያውቃሉ?”

“የሬሳ ሣጥን ስሠራም ሞቼ አላውቅም።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንዳልኩትም አማቼን ሳሎኑ ወለል ላይ አስተኛሁትና በሲባጎ ከራሱ እስከ ተረከዙ፣ ከትከሻ ትከሻው ለካሁት። ታዛዥ ልጅ ነው፤ እጁን በጎኑ ዘርግቶ ጸጥ አለ። ይኸኔ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

“አንተ ሰውዬ! ሰው በሕይወቱ ተጋድሞ ይለካል?”

“ተኝቶበት አይደል እንዴ የሚቀዝፈው?”

“ሟርተኛ! ያ ነገር እዚህ ቤት አይገባም!”

ልጄ ነገሩን በስዊድንኛ ስታስረዳው አማቼ ከተኛበት ፈጥኖ ተነሣ።

ሰሌዳው ከቤት ስለተከለከለ ወደ ሼላሬው፣ ማለትም ፊቲያ ሰፈር ወዳለው ሕንፃችን ምድር ቤት ወረድኩ። የተከራዮች መሥሪያ ክፍል አለ፤ መስኮት የለውም፤ ጣሪያው ራስ ይነካል፤ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው። ለሰሌዳው የተገዛውን ጠንካራ ነጭ ፎም በመላጊያ ላግሁት፣ በሞረድ ቀረጽኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። አምፖሉን ከጎን ዝቅ አድርጌ ሰቅዬ፣ ጎባጣው ሁሉ በራሱ ጥላ ራሱን እንዲያጋልጥ አደረግሁ። አማቼ እውቅ ባለሙያዎችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ነገረኝ። ጎበዞች ናቸው አልኩት።

የቀረው በላዩ ላይ ከመስታወት ክር የተሸመነ ጨርቅ አልብሶ ሙጫ ማጠጣት ነበር። ሙጫው ማጠንከሪያው ከተቀላቀለበት በኋላ ሰው አይጠብቅም፤ ካልፈጠኑ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። አቧራ እንዳያርፍበት የአየር መውጫውን በፕላስተር ለጠፍኩ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ ወተፍኩ። ካፖርቴን ከነስልኬ አስቀድሜ ኮሪደሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሙጫውን ደባልቄ በሩን አጥብቄ ስስበው የውስጥ እጀታው እጄ ላይ ቀረ፤ የውጪው ከነብረቱ ኮሪደሩ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ፤ በሩም ተቆለፈብኝ። እጀታውን ከሳምንት በፊት የጠገንኩት እኔው ነኝ። የዚህ አገር ብሎን ግን እንደ ድሮ ብሎን አይጨብጥም።

በሩን ልታገል ወይስ ሙጫውን ላፍስስ? አንዱን ስል አንዱ ይጠፋል። አማቼ ያን ሰሞን ማዕበል የሚያስነሣ ነፋስ እየጠበቀ ነበር፤ እኔም ቃል ሰጥቻለሁ። አፈሰስኩት።

እየዳበስኩ ወደ ዳር ስገፋው ነጩ ጨርቅ ፎሙ ላይ ተጣበቀ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ የሰው ቁመት ያለው ነገር በነጭ ጨርቅ እየገነዝኩ ነው፣ ያውም በተዘጋ ክፍል። የባለቤቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። የሙጫው ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ግድግዳው የቀረበኝ መሰለኝ። የአየር መውጫውን ፕላስተር ቦጨቅሁት፤ ደካማ ትንፋሽ ብቻ ገባ። ጮህኩ። ሲሚንቶው ድምፄን ዋጠው።

የመጨረሻው ጫፍ ሲያልቅ በመዶሻ የማሞቂያውን ቧንቧ መታሁ። ከላይ መልስ መጣ፦ ቋ! ቋ! ተመስገን፣ ሰሙኝ ብዬ ደግሜ መታሁ። እነሱም ይባስ ብለው መቱ። ለካ ጎረቤት “ዝም በል” እያለኝ ነው። እኔ ስማጸን እነሱ ሲቆጡ፣ ሕንፃው በሙሉ ቧንቧ ለቧንቧ ተሰዳደብን። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ መምታቴን ግን አልተውኩም።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ሁካታ ሲኖር የሚጠሩት ዘበኞች ሊገሥጹኝ መጥተው ነው። ከኋላቸው ባለቤቴ ቆማለች።

“አላልኩህም? ለራስህ ነው የለካኸው!”

“በሩን ዝጊው፣ አቧራ ይገባል!” አልኩ።

“አልዘጋም!” ብላ እግሯን ደፉ ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲያ ሥራው እስኪያልቅ ወንበር አምጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ የገባው አቧራ እስከ ዛሬ ሰሌዳው ውስጥ እንደ ኑግ ይታያል።

ነፋሱ የመጣ ቀን ሁላችንም ድንጋያማው የባሕር ዳርቻ ላይ ቆምን። አማቼ ሰሌዳዬ ላይ በደረቱ ተጋድሞ እየቀዘፈ ራቀ። ባለቤቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

“ተነሣ?” አለችኝ።

“ገና ነው።”

“አሁንስ?”

ማዕበሉ ከኋላው አበጠ፤ ሰሌዳው ሽቅብ ተነሣ። የእኔም ትንፋሽ ያ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ተያዘ። ልጁ በእጆቹ ተደገፈ፣ በርከክ አለ፣ ቆመ።

“ተነሥቷል! እይው!”

ነጠላዋን ገልጣ እልልታዋን አቀለጠችው። ጥቁር የላስቲክ ልብስ የለበሱት ስዊድናውያን ሁሉ ዞረው አዩን። እሷ እልልታው ለልጁ ነው ትላለች። ሰሌዳውን የሠራው ማን እንደሆነ ግን ታውቃለች።