ለእንግዳ ብቻ

ጠራዧ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቋ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ መጠረዝ ከጀመረች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእጇ ሥራ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ሞልቶታል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ገብታ አላየችውም። እሁድ ዕለት ታላቅ ወንድሟ ከሌላ ከተማ ሊጠይቃት መጣና "እስቲ ሥራሽን አሳዪኝ" አላት።

በሩ ላይ ዘበኛው የሁለቱንም መታወቂያ አገላበጠ።

"እሱ እንግዳ ነው፣ ገብቶ ይጎብኝ። አንቺ ግን የከተማው ነዋሪ ነሽ፤ ለነዋሪ አልተፈቀደም።"

"ኧረ የሕግ ያለህ! እንግዳውን ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ!"

"መመሪያ ነው፣ እህቴ። እኔ ምን ላድርግ?"

ወንድሟ እያመነታ ገባ፤ እሷ በንዴት ጨሳ ፀሐይ ላይ ተገትራ ቀረች። ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው ድምፁን አለስልሶ ከጥበቃ ጎጆው ውስጥ አንድ ወፍራም ፖስታ አወጣ።

"ማታ ማታ እዚሁ እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ነገ ነው የማስረክበው፤ በናትሽ ዛሬ ጠርዢልኝ።"

ተቀብላ ጽሑፉን ከፖስታው አወጣችና ርዕሱን አነበበች፦ "ዩኒቨርሲቲውና የከተማው ነዋሪ፦ የመልካም ጉርብትና ጥናት" ይላል።

"እጠርዝልሃለሁ፣ ምን ገዶኝ!" አለችው። "ሽፋኑ ላይ ግን 'ለእንግዳ ብቻ' ብዬ ነው የምጽፍበት።"