ሰልፉን ያሳለፉን አቶ ሐመሶ

አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ የጎማ ሥራ ሲሠሩ የኖሩት አቶ ሐመሶ ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መሐል፣ ያለ ብዙ ጣር አረፉ። አዝኛለሁ፤ ግን ልቤ ቀሎታል። ለምን እንደቀለለው ሳልደብቅ እጽፋለሁ። እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ፣ በተለይም ሾፌሮች፣ ያልሰማችሁት ነገር አለ።

በጋራዡ እኔ ኃላፊ ነበርኩ፤ እሳቸው ጎሚስታ። የተሳቢ ጎማ ሲያስሩ ብሎኖቹን ዙሪያውን በተራ አያጠብቁም፤ አንዱን ካጠበቁ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው። ሲጨርሱ ከእያንዳንዱ ብሎን እስከ ቸርኬው ድረስ በጠመኔ ቀጭን መስመር ያሰምራሉ። ሾፌሩ ከቸኮለ፣ «ጥቂት ነድተህ ውረድና እየው፤ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል» ይሉታል። እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ እንኳ የቆመ ተሳቢ ካዩ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ይነካኩታል። ሾፌሮቹ፣ አቶ ሐመሶ ጎማ ሳይባርኩ አያልፉም እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ከአሥር ዓመት በፊት፣ የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ ተሳቢዎቹ እንዲያምሩ ታዘዝኩ። ጎማዎቹን አስወልቄ ቸርኬዎቹን ቀይ ቀለም አስቀባሁ። አቶ ሐመሶ ብሎን የሚያርፍበት ቦታ ይፋቅ አሉኝ፤ ቀለሙ በጭነት ተፈርፍሮ ሲያልቅ ብሎኑ እንደሚላላ በትዕግሥት አስረዱኝ። እኔ ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ ለቃቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያላነበብኩትን ከሌላ አፍ መስማት ያመኛል። በሠራተኛው ፊት «ሥራ ማጓተት አሻጥር ይባላል» አልኳቸው። ይህ ቃል እስር ቤት እንደሚያስገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሳቸው ቀለሙን ሳይፍቁ ጎማዎቹን አሰሩ፣ በጠመኔ አሰመሩ፣ ሄዱ።

በማግስቱ አንደኛው ተሳቢ ለበዓሉ መድረክ ድንጋይ ሲያመላልስ ዋለ። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ደግሞ በዚሁ ተሳቢ ከቡሹሎ መንደር ተማሪዎችን ጭነን ወደ ሰልፉ ተነሣን። ቤታችን እዚያው ስለሆነ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን አልማዝን ተሳቢው ላይ የጫንኳት ራሴ ነኝ። እኔ ጋቢና ገባሁ። ብዙ ሳንርቅ አቶ ሐመሶ ብስክሌታቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው፣ የጎማ መፍቻ ይዘው መሐል ላይ ቆመው አገኘናቸው። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰልፉ ሊያልፈን ነው አላቸው።

«ይለፍ» አሉት። «ልጆቹን አውርድ።»

በቁጣ ወረድኩ። እሳቸው ግን ወደ ግራው የኋላ ጎማ ወሰዱኝ። የጠመኔው መስመር አምስቱ ብሎኖች ላይ ተሰብሯል። አንዱን በሁለት ጣታቸው አዞሩት። ሌላውን እኔ ሞከርኩ፤ ዞረልኝ። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። አልማዝ መንገድ ዳር ከጓደኞቿ ጋር ትሳሳቃለች። አቶ ሐመሶ የእያንዳንዱን ቸርኬ ቀለም በቢላዋ ፍቀው ጎማውን መልሰው አስረው ሲጨርሱ፣ ሰልፉ በእርግጥም አልፎን ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በተደረገው ግምገማ ለምን እንደዘገየን ስጠየቅ ጎማ ፈንድቶ ነው አልኩ። አቶ ሐመሶ ከኋላ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር። ልጆቹን ስለ ውሸት የሚቀጣ አባት እንዲህ ዋሸ።

ይህን ይዤ ኖርኩ። ከማረፋቸው በፊት ባለው እሑድ ግን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«አቶ ግርማ፣ ያኔ በግምገማው ዝም ያልኩት በደግነት ብቻ አይምሰልዎ» አሉኝ። «እኔም ፈርቼ ነበር።»

ሁለታችንም እስኪያስለን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

እናንተ ኃላፊዎች፣ የሚያስጠነቅቃችሁን ሠራተኛ አሻጥረኛ ብላችሁ ስም አታውጡለት። እናንተ ሾፌሮች፣ ወርዳችሁ ብሎኑን በእጃችሁ ንኩ።

አቶ ሐመሶ፣ ትናንት ሲቀበሩ ያን ዕለት ተሳቢው ላይ የነበሩት ልጆች ብዙዎቹ መጥተው ነበር። አድገዋል። ለምን እንዳስወረዷቸው አንዳቸውም አያውቁም ነበር፤ በመቃብርዎ ፊት እኔው ነገርኳቸው። አልማዝ አልወቀሰችኝም። የበኩር ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና ፊቱን ወደ እርስዎ አዞረችው። በሰላም ይረፉ።