በካርታው ላይ ያሉት ባዶ ሳጥኖች

እስከ ዛሬ «ደብዳቤ ይዘህ ና» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ምክንያቱ ከሚሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከከተማ የመጣ ባለሙያ የአካባቢውን የውሃ ጉድጓዶች በኢንተርኔት የሚያሳይ ካርታ ሠራልን፤ ካርታው የሚሠራበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ንብረት ክፍል ጓዳ አስቀምጦ፣ ከአለቆቹ ጋር ፎቶ ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ ካርታውን ከፈትኩት። ወንዙ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ጉድጓዶቹ በሰማያዊ ነጥብ አሉ። የመንደሮቹ ስም ግን የለም። በስሙ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። የሚነበቡት መጀመሪያውኑ በላቲን የተመዘገቡ ጥቂት ስሞች ነበሩ፤ እነሱም የዋናው መንገድ ዳር መንደሮች ናቸው።

ችግሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ካርታው የሚሳለው ፊታችን ባለው ኮምፒውተር ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ የአማርኛ ፎንት አልተጫነበትም። የማያውቀው ፊደል ሲመጣበት ሳጥን ይስላል። ያ ባለሙያ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ሥራውን አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

ፎንቱን በፍላሽ ይዤ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ሰርቨሩ የተመዘገበው በንብረት ኃላፊው ስም ነው፤ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ እሳቸው ካዝና ውስጥ ነው። ምን ልታስገባ ነው አሉኝ። ፊደል ነው አልኳቸው። ወደ ንብረት የሚገባ ሁሉ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቅጽ ተመዝግቦ ገቢ ይሆናል፣ ያለዚያ መርፌም አይገባም አሉ። የማይመዘን፣ የማይዳሰስ ነገር መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ብዕራቸውን አንስተው በትሕትና ጠየቁኝ።

«ብዛቱን ስንት ልበል?»

ፖስታውም ያለ ደብዳቤ አይከፈትም፣ ደብዳቤ ይዘህ ና አሉኝ። ወደ አለቃዬ ሄድኩ። አንቱ የምለው ፊት ለፊት ብቻ ነበር፤ እዚህ ላይ አልለውም። ደብዳቤ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ተኛ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የገጠር ሴት ቢሮዬ መጡ። የመንደራቸው የውሃ ኮሚቴ አባል ናቸው። የእጅ ፓምፓቸው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሰዉ የሚጠጣው ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ የሚጠገኑት ፓምፖች ዝርዝር ይወሰናል ሲባል ሰምተው፣ መንደራቸው መኖሯን ሊያረጋግጡ አራት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘዋል። ማንበብ አይችሉም። ካርታውን ከፍቼ ነጥባቸውን በጣቴ አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አገር ስሙ አንድ ነው እንዴ? ማቃን ኬኛ ኤሳ? ስማችንስ የት አለ?»

ዲግሪ የያዘ ሁሉ ሳምንቱን በዚያ ካርታ ፊት ሲመላለስ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁኝ። አፈርኩ። ማሽኑ ላይ ትንሽ ሥራ እንደቀረና እንደሚስተካከል ነገርኳቸው። አላህ ያግዛችሁ ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ዝርዝሩ የሚወሰንበት ስብሰባ ሲደርስ እኔ የተጠራሁት ፕሮጀክተር ለማብራት ነው። ዝርዝሩም የታተመው ከዚያው ሰርቨር ስለሆነ ከግማሽ በላዩ ሳጥን ነበር። ሰብሳቢው አለቃዬ ነው። ሳጥን የሆኑትን «መረጃቸው ያልተሟላ» ብሎ በአንድ መስመር ሰረዛቸው። እጄን አውጥቼ፣ ስም አላቸው፣ አሁኑኑ በእጄ ልጻፋቸው አልኩ። ስብሰባው የሚሠራው በታተመ ሰነድ ነው አለኝ፤ ይልቅ ምስሉን አጉላው። አጎላሁት። ዝም ብዬ አጎላሁት፤ ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። የመንገድ ዳሮቹ ተመረጡ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤዬ ተመርቶ መጣ። ንብረት ኃላፊው «የአማርኛ ፊደል፣ ብዛት አንድ» ብለው ገቢ አደረጉና ፖስታውን ቀደዱልኝ። ፎንቱን ገለበጥኩ፣ ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ካርታውን እንደገና ከፈትኩ። ስሞቹ ሁሉ ወጡ። ሰዓቴን ሳይ አራት ደቂቃ ሆኗል። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፤ ንብረት ኃላፊው ግድግዳውም በስማቸው የተመዘገበ ይመስል ገላመጡኝ።

ሴትዮዋ ተመልሰው የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የመንደራቸውን ስም አሳይቼ አነበብኩላቸው። ፊታቸው በራ። ፓምፑን የሚጠግኑት መቼ ነው የሚመጡት አሉኝ። ዝርዝሩ እንደተዘጋ፣ የሚቀጥለው የሚወሰነው በዓመቱ እንደሆነ ነገርኳቸው። የተጻፈውን ስም በጣታቸው ነክተው ጠየቁኝ።

«ይሄን ለመጻፍ ስንት ቀን ፈጀባችሁ?»

መዋሸት እችል ነበር። አራት ደቂቃ አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ እኮ ለመንደሩ ሰው ‹ታገሡ፣ ሥራው ከባድ ነው፣ ልጆቹ ሌት ተቀን እየለፉ ነው› እያልኩ ወላሂ ስምልላችሁ ነበር» አሉኝ።