ብልቃጡን ጮክ ብሎ ማንበብ፦ ከሸዋ ሮቢት እስከ ቦሌ ሚካኤል

ከሸዋ ሮቢት የተነሣነው ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የአውራጃው ጤና ቢሮ ከየጤና ጣቢያው አንዳንድ ሰው ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ከእኛ ጣቢያ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። በደብዳቤው ላይ የሥልጠናው ርዕስ «የመድኃኒት አሰጣጥና አያያዝ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኛል። ጤና ረዳት ሆኜ ሰባት ዓመት ሙሉ መርፌ ስወጋ የኖርኩ ሰው፣ ከእንግዲህ ምን ሊያስተምሩኝ ነው? ያስደሰተኝ አዲስ አበባን ማየቱ ብቻ ነበር። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጭ ጋዋን፣ ከቀበሌ የተጻፈልኝን የይለፍ ወረቀትና ለዘመዴ የሚሆን ማሾ ይዤ ተሳፈርኩ።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። የቆላ ልብስ ለብሼ ስለነበር ዋሻው ጋ ስንደርስ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጭ ጀመር፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ የጋቢያቸውን ጫፍ አለበሱኝ። ጭጋጉ ከመክበዱ የተነሣ ሹፌሩ በጧቱ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው።

ደብረ ብርሃን መግቢያ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወረቀቴን ያየው ወታደር፦

«ለምን ጉዳይ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«መድኃኒት አሰጣጥ ልማር።»

«ሥራሽስ ምንድን ነው?»

«ጤና ረዳት ነኝ፤ መርፌ እወጋለሁ።»

«እስካሁን ሳትማሪ ነው እንዴ ስትወጊ የኖርሽው?» ሲል የተሰለፈው መንገደኛ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄውን እስከ ሰንዳፋ ድረስ ሳመላልሰው ሄድኩ።

ጉርድ ሾላ

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮተቤን አልፈን ጉርድ ሾላ ወረድኩ። ዘመዴ ወይዘሮ አልጋነሽ ከመንገዱ ዳር እየጠበቀችኝ ነበር። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን ለእኔ ለቀቀችልኝ።

በማግስቱ ጧት ወደ መገናኛ የሚሄድ «ውይይት» አሳፈረችኝ። ውይይት ማለት ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ታክሲ ነው፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ስለሚቀመጥ አብዮቱ በየመሥሪያ ቤቱ ባመጣው የውይይት ክበብ ስብሰባ ስም ጠሩት። ከመገናኛ ሌላ ይዤ ቦሌ ደረስኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ቦሌ ሚካኤል ወረድኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ፣ አልፎ አልፎ የብረት ቀጥቃጮች ቤት አለ። አውሮፕላን ከአናቴ በላይ ሲያልፍ ጎንበስ አልኩ። ላም የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

ሲስተር አብረኸት

ሥልጠናው የሚሰጥበት ክሊኒክ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም ቤት ነው። እኔንና ሌሎች ስድስት ሠልጣኞችን የተቀበሉን ሲስተር አብረኸት የአክሱም ሰው ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ሃምሳውን ያለፉ፣ ሰዓታቸውን ደረታቸው ላይ የሚሰኩ። የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ መርፌ አላስያዙንም። ብልቃጥ ብቻ እያነሣን ጮክ ብለን እንድናነብ አደረጉን፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የሚያበቃበትን ጊዜ። ከመደርደሪያው ስናነሣ አንድ ጊዜ፣ ስንቀዳ አንድ ጊዜ፣ ወደ ቦታው ስንመልስ ደግሞ አንድ ጊዜ።

«ዐይናችሁ ያየውን ሳይሆን የለመደውን ያነባል» አሉን። «አፋችሁ ሲያነብ ግን ጆሯችሁ ይሰማል።»

የመድኃኒት ቁም ሳጥኑ በር ላይ በገመድ የታሰረ አንድ ደብተር አለ። በዚያ ክሊኒክ የተሠራ ወይም ሊሠራ ሲል የተያዘ ስህተት ሁሉ ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ገጽ የራሳቸው የሲስተር ስህተት ነው፤ የሳንባ በሽተኛ የሆነች ሴት «ጆሮዬ ይጮኻል» እያለቻቸው ጆሮ ሊያደነቁር የሚችለውን የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ሳያቆሙ መቀጠላቸውን ጽፈዋል። ሴትዮዋ መስማት አቁማለች። ይህን ለሰባት እንግዳ ሰዎች ሳይሸሽጉ አነበቡልን። እኔ በዚያ ዘመን ስህተቱን በገዛ እጁ ጽፎ በር ላይ የሚሰቅል ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ስህተት «አሻጥር» ተብሎ ሰው የሚታሰርበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ

አቶ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚያው ከክሊኒኩ አቅራቢያ ሱቅ አላቸው። የስኳር በሽታ ስላለባቸው በየጧቱ ቁርስ ሳይቀምሱ መጥተው ኢንሱሊን ይወጋሉ። ያን ዕለት ተራው የእኔ ነበር። ካርዱ ሃያ ዩኒት ይላል። የተቀቀለውን መርፌ አንሥቼ እንደ ልማዴ እስከ ሃያ ቀዳሁ። ማንበቡን አልዘለልኩም፤ «ኢንሱሊን» ብያለሁ።

ሲስተር ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ሙሉነሽ፣ ስሙን ሰማሁ። ቁጥሩንስ?»

ብልቃጡን አዞርኩት። ጽሑፉ በማላውቀው ፊደል ነው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። «መቶ ይላል።»

«መርፌውስ ስንት ይላል?»

የመርፌውን ጎን አየሁ። «አርባ» አልኩ።

የድሮው ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር አርባ ዩኒት ነበር፤ መርፌውም ለእሱ የተሠራ ነው። በዚያ ሳምንት በእርዳታ የመጣው ግን መቶ ነው። ሃያ ብዬ የቀዳሁት ሃምሳ ዩኒት ነበር። ያን ያህል ተወግተው ወደ ቤት ቢመለሱ አቶ ሰይድ መንገድ ላይ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ላይነቁም ይችላሉ። ሲስተር መርፌውን ቀስ ብለው ተቀበሉኝና የቀዳሁትን ደፉት፤ በቀጭኑ የአንድ ሚሊ ሊትር መርፌ ሁለት አሥረኛ ብቻ ለክተው፣ ሁለታችንም ጮክ ብለን አንብበን፣ ወጉላቸው።

አቶ ሰይድ ሁሉንም ሰምተዋል። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ወደ እኔ ዞር ብለው፦ «ነገም አንቺው ነሽ የምትወጊኝ። ከዛሬ በኋላ እንዳንቺ የሚጠነቀቅ የለም» አሉኝ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ሲስተር ያኔውኑ ደብተሩ ላይ ጻፉት። ከሰዓት በኋላ የሠራተኛው የውይይት ክበብ ኃላፊ ጓድ ታደሰ ገባ። ወጣት ነው፤ ደብተሩን ከበሩ ላይ ሳይፈታ ቆሞ አነበበ።

«ከወዳጅ አገር በመጣ መድኃኒት ሰው ሊሞት ነበር ተብሎ ተጽፏል» አለ።

«መድኃኒቱ ደኅና ነው» አሉት ሲስተር። «አላነበብነውም ነው የሚለው።»

«ማን ነው ያላነበበው? እዚህ ስም የለም።»

«እዚያ ደብተር ላይ የሰው ስም አይጻፍም፤ ስም ከተጻፈ ነገ ማንም አይናገርም። ሁለቱን ብልቃጥ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ስም ካስፈለገህ የእኔን ያዝ።»

ሥራዬ፣ ደመወዜ፣ እስር ቤቱ ሁሉ ታየኝ። ግን የእኚህ ሴት ስም በእኔ ፈንታ ሲጻፍ ቆሞ ማየት ባሰብኝ።

«የቀዳሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጓድ ታደሰ ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን። «በሽተኛው የት አለ?»

«ሱቁ» አሉ ሲስተር፤ «ስኳር እየሸጠ።»

ፈገግታውን ለመደበቅ ፊቱን አዞረና ወጣ። እኔ ግን መጥሪያ ይመጣል ብዬ ሦስት ቀን እህል አልበላልኝ አለ። መጥሪያ አልመጣም። የመጣው እሱ ራሱ ነው፤ ሰኞ ጧት እናቱን ደግፎ። ፔኒሲሊን ታዞላቸዋል። ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና «እባካችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው» አለን። ሲስተር መጀመሪያ እናትየውን ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን አሳክኳቸው እንደሆነ ጠየቁ፤ ከዚያ ብልቃጡን ለእኔ ሰጡኝ። አነበብኩ።

መመለስ

ሥልጠናው ሲያልቅ በመጣሁበት መንገድ ቁልቁል ወደ ቆላ ወረድኩ። ጣርማ በር ላይ ቀኑ ጠርቶ ነበርና ሜዳው እስከ ታች ድረስ ይታያል።

ጤና ጣቢያችን ደርሼ ያየሁትን ለማን ልንገር ብዬ ተጨነቅሁ። የጣቢያው አንጋፋ ሠራተኛ ጋሽ ደምሴ እኔ ሳልወለድ ቁስል ማጠብ የጀመሩ ድሬሰር ናቸው። ለእሳቸው «ብልቃጥ እንዲህ ይነበባል» ብዬ እንዴት ላስተምር? ስለዚህ ማስተማሩን ትቼ የኢንሱሊኑን ነገር፣ ስሙን አንብቤ ቁጥሩን መዝለሌን ጭምር፣ እንደሆነው ነገርኳቸው።

ጋሽ ደምሴ ሰምተውኝ ሲያበቁ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«እኔም የማልረሳት አንድ ልጅ አለችኝ» አሉ። «በወባ የመጣች። ክሎሮኪኑን በዐይኔ ገምቼ ወጋኋት። ከሲታ ነበረች፤ ዕድሜዋን እንጂ ክብደቷን አላሰብኩም። እናቷ ጀርባ ላይ እንደታዘለች ሞተች። ወባው ነው የገደላት ብዬ ለእናቷ ነገርኳት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለሰው ስናገር ገና ዛሬ ነው።»

እጃቸውን ይዤ እስኪመሽ አብረን ተቀመጥን። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እንቅልፍ እንደሚያጡ እንጂ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት ትምህርት የብልቃጥ ንባብ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው ስህተቱን ደፍሮ ሲናገር አጠገቡ ያለውም ሸክሙን የሚያወርድበት ቦታ እንደሚያገኝ ግን ያን ማታ ገባኝ።

በማግስቱ ጧት ጤና ጣቢያው ስደርስ ጋሽ ደምሴ ቀድመውኝ ነበር። ከእህል ነጋዴ የተዋሱትን ሚዛን በረንዳው ማገር ላይ ሰቅለው፣ ከሥሩ በጨርቅ የተሠራ ማዘያ አስረው፣ የመጀመሪያዋን እናት፦ «ነይ ልጄ፣ መርፌው ይደርሳል። መጀመሪያ ሕፃኑን እዚህ አስቀምጪው» ይሏታል።